የሳንባ ናሙናና ቀለሞቹ፦ ከላብራቶሪ የሚመጣውን ወረቀት እንዴት እንረዳው?

በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ትንሽ ጠጠር ያለ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። የሳንባ ካንሰር ከተጠረጠረበት ሰው የሚወሰደው ቁራጭ ሥጋ ላብራቶሪ ከገባ በኋላ በምን ቀለም እንደሚነከርና ቀለሙ ለሐኪሙ ምን እንደሚነግረው እናያለን። “ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እዚህ ጎብዬ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምርመራ ውጤት ይዘው “እስኪ ይህቺን ወረቀት አንብቢልን” የሚሉ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ሙሉውን ባያነቡትም አንድ ቃል ለይተው አውቀውታል፤ “ፖዘቲቭ” የሚለውን።

ይህ ቃል በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሰማው ከኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ በአባታቸው ወይም በእናታቸው ወረቀት ላይ ሲያዩት የሚመጣባቸው ሐሳብ ያው ነው። ደንግጠው፣ ሰው እንዳያይባቸው ወረቀቱን የሚደብቁ አሉ። ወረቀቱ ሲደበቅ ደግሞ ታማሚው ወደ ሐኪሙ የሚመለስበት ቀጠሮ ያልፋል። በሳንባ ካንሰር ላይ የሚያልፍ ወር እንደ ሌላው ወር አይደለም። ስለዚህ “ፖዘቲቭ” በዚህ ወረቀት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከሥሩ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ነቀርሳ ስንል የትኛውን ነው?

መጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። እኛ “ሳንባ ነቀርሳ” የምንለው ቲቢን ነው። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ የሚድን በሽታ ነው። “ነቀርሳ” ብቻውን ሲነገር ግን ብዙ ሰው ካንሰርን ማለቱ ነው። ታዲያ ሐኪም “የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል” ብሎ ሲናገር አንዱ ልጅ ቲቢ ብሎ፣ ሌላው ካንሰር ብሎ ሰምቶ ቤት ይገባል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት በሽታ ሲታሰብ አይቻለሁ። ሐኪሙን “ቲቢ ነው ያሉት ወይስ ካንሰር?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለቱ በሽታዎች በስም ብቻ ሳይሆን በምልክትም ይቀራረባሉ። ሁለቱም ያስላሉ፣ ያከሳሉ፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ያስወጣሉ፣ በራጅ ላይም ጥላ ሆነው ይታያሉ። በአገራችን ቲቢ ብዙ ነው። ከመስከረም 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚካሄደው የካንሰር ታማሚዎች ምዝገባም ጎልተው የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር እንጂ የሳንባው አይደለም። ስለዚህ የሚያስል ሰው ሲመጣ ሐኪም ቲቢን አስቀድሞ ቢጠረጥር ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው በአክታው ላይ የቲቢ ባክቴሪያ ሳይገኝ መድኃኒቱ ተጀምሮ፣ ሁለት ወር አልፎ፣ ሰውየው መክሳቱን ሳያቆም “ስድስቱ ወር ይሙላ” ተብሎ ሲቀመጥ ነው። በተለይ ታማሚው ዕድሜው የገፋ ከሆነ፣ ያጨስ ከነበረ ወይም ደም የሚተፋ ከሆነ “አክታው ላይ ባክቴሪያው ታይቷል ወይ? ካልታየስ ናሙና ይወሰድለት ይሆን?” ብላችሁ ጠይቁ። የተጀመረውን የቲቢ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለና።

“እናታችን ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፣ እንዴት የሳንባ ካንሰር ይይዛታል?” የሚል ጥያቄም ይነሳል። ሲጋራ ዋነኛው መንስኤ መሆኑ አያጠራጥርም። ጫት ሲቃም አብሮት የሚጨሰው ሲጋራ፣ ወጣቶቻችን “ከሲጋራ ይሻላል” እያሉ የሚስቡት ሺሻም ከዚያው ውስጥ ናቸው። ነገር ግን የማያጨሱ ሰዎችንም፣ ሴቶችንም የሚይዝ የሳንባ ካንሰር ዓይነት አለ። በማሽላ አገዳና በኩበት ስንጋግር የምንስበውን የማገዶ ጭስ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ “ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም” ከሚላቸው ነገሮች ውስጥ መድቦታል። ጭስ ማውጫ የሌለው ማድ ቤት ላላት እህት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀለም የሚያውቀውን ይይዛል

ለሠርግ ወይም ለዒድ ሂና የተቀባች እህት አንድ ነገር ታስተውላለች። ሂናው መዳፍንና ጥፍርን አጥብቆ ይይዛል፤ የተበጠበጠበት የብርጭቆ ሳህን ግን ታጥቦ ይነጻል። ይህ የሚሆነው የሂና ቀለም በቆዳ፣ በጥፍርና በፀጉር ውስጥ የሚገኘውን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ብርጭቆ ኬራቲን የለውም፤ ስለዚህ ቀለሙ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የላብራቶሪ ቀለሞችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። እያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው የራሱ ነገር አለው። ቀለሙ ከያዘ “ፖዘቲቭ” ይባላል፤ ካልያዘ “ኔጋቲቭ” ይባላል። ቃሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከሳንባ የሚወሰደው ሥጋ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ፍሬ ያነሰ ነው። ወይ በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ (ብሮንኮስኮፒ ይባላል)፣ ወይም በደረት በኩል በመርፌ ይወሰዳል። ላብራቶሪ ሲደርስ ውሃው በአልኮል ይወጣለታል፣ ከዚያም በቀለጠ ሰም ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ጡብ ይጠነክራል። ጡቡ በልዩ መላጫ ይሸነሸናል። የአንዱ ሽንሽን ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ሦስት ወይም አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሽንሽን መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው ቀለም የሚነከረው። የመጀመሪያው የዘወትር ቀለም የሕዋሱን አስኳል ወደ ሰማያዊ፣ ቀሪውን ወደ ሮዝ ይቀይራል። አብዛኛውን ጊዜ የሕብረ ሕዋስ ሐኪሙ፣ ማለትም ፓቶሎጂስቱ፣ በዚሁ ቀለም ብቻ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ይለያል።

ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ “የትኛው ዓይነት?” የሚለው ነው። የሳንባ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ትንንሽ ሕዋሳት ያሉት፣ በጣም ፈጥኖ የሚሠራጭ ዓይነት አለ፤ ሕክምናውም ለብቻው ነው። ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ ዋና ዋናዎች አዴኖካርሲኖማና ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላሉ። ስኳመስ የተባለው ከቆዳ ሕዋስ ጋር ይመሳሰላል፤ ያንኑ ሂና የሚይዘውን ኬራቲን ይሠራል። አዴኖካርሲኖማ ደግሞ ዝልግልግ ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሕዋሳት ጋር ይመሳሰላል። የማያጨሱ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ሲይዛቸው በብዛት የሚገኝባቸው ይህኛው ነው።

ሕዋሳቱ ቅርጻቸውን ካልለቀቁ ሁለቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ካንሰሩ ሲብስበት ግን ቅርጹ ይጠፋል፤ ሕዋሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ። ልብሱን የቀየረ እንግዳ በአነጋገሩ አገሩ እንደሚታወቅ፣ እነዚህም ሕዋሳት በሚሠሩት ነገር ይታወቃሉ። ኬራቲን የሚሠራው አንዱ ነው፣ ዝልግልግ የሚሠራው ሌላው ነው።

ስኳሩና ዝልግልጉ

ካርቦሃይድሬት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንጀራን፣ ዳቦንና ስኳርን ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥም ካርቦሃይድሬት አለ። አንዱ ግላይኮጅን ይባላል፤ ሕዋሱ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ ነው። ሌላው ሙሲን ይባላል። ሙሲን በላዩ ላይ ብዙ የስኳር ሰንሰለቶች የተሰኩበት ፕሮቲን ነው፤ ንፍጥንና አክታን የሚያዝለገልገው እርሱ ነው። ተልባ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፉ የሚወጣው ዝልግልግ ነገርም ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ነውና ለማሰብ ይረዳችኋል። በጤናማ ሳንባ ውስጥ ሙሲን ትልቅ ሥራ አለው። አቧራውንና ተህዋሱን ይይዛል፣ ጥቃቅን ፀጉሮችም ወደ ላይ እየጠረጉ ያስወጡታል።

እነዚህን ስኳሮች የሚያሳየው ዋነኛው ቀለም “ፓስ” ይባላል። ስሙ ፔሪዮዲክ አሲድ ሺፍ ከሚለው የተወሰደ ነው። ሥራው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ፔሪዮዲክ አሲድ የስኳሩን ሰንሰለት ከፍቶ አልዲሃይድ የተባለ ተቀባይ ቦታ ያዘጋጃል። ከዚያ ቀለም የሌለው የሺፍ ፈሳሽ ሲጨመርበት ፈሳሹ እዚያ ቦታ ላይ ይያዛል፣ ይቀላል። ስኳር ያለበት ሁሉ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ፈሳሹን በ1866 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ሁጎ ሺፍ የተባለ ኬሚስት ነው። ማክማነስ የተባለ ሐኪም ደግሞ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ሙሲንን በሥጋ ሽንሽን ላይ ለማሳየት ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ የሚያስገርመኝን ላንሳ። የሺፍ ፈሳሽ የሚሠራው ፉክሲን ከተባለ ቀይ ቀለም ነው። ይኸው ፉክሲን በየጤና ጣቢያው ለአክታ ምርመራ የቲቢ ባክቴሪያን በቀይ የሚያሳየው ቀለም ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የአክታ ምርመራ ጂን ኤክስፐርት በተባለ ማሽን ቢሆንም ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ ቀዩ ቀለም አለ። በአንዱ አሠራር ቲቢን፣ በሌላው አሠራር የካንሰርን ስኳር ያሳያል።

ፓስ ግን አንድ ጉድለት አለው። ግላይኮጅንንም ሙሲንንም እኩል ያቀላል። ስኳመስ ካንሰርም ግላይኮጅን ሊኖረው ይችላል፤ ከኩላሊት ተነስቶ ወደ ሳንባ የመጣ ካንሰርም እንዲሁ። ስለዚህ ሮዝ ስለታየ ብቻ “ሙሲን ነው” ማለት አይቻልም። መፍትሔው ዘዴኛ ነው። ቂጣ አፋችሁ ውስጥ ብዙ ስታላምጡት እየጣፈጠ ይሄዳል። ምራቃችን ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኤንዛይም ስላለው ነው። በበቀለ ገብስ፣ በብቅል ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1833 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከብቅል አውጥተው ዲያስቴዝ ብለው ሰየሙት። ይህ ኤንዛይም ግላይኮጅንንም ይሰባብራል፤ ሙሲንን ግን አይነካም። እናም ባለሙያው ከአንዱ ጡብ ሁለት ሽንሽን ያወጣል። አንዱን እንዳለ ፓስ ይነክረዋል። ሌላውን መጀመሪያ ዲያስቴዝ አጥግቦ ከዚያ ፓስ ይነክረዋል። በሁለተኛው ላይ ሮዙ ከጠፋ የነበረው ግላይኮጅን ነው። ሮዙ ከቀረ ሙሲን ነው። በድሮ ጊዜ ዲያስቴዝ ባልተገኘበት ላብራቶሪ ባለሙያዎች የራሳቸውን ምራቅ ይጠቀሙ ነበር፤ ይሠራልም።

አሁን ወረቀቱን መልሳችሁ አንሱት። “ፓስ ፖዘቲቭ፣ ዲያስቴዝ ሬዚስታንት” የሚል ካለ ትርጉሙ “ሮዝ ቀለሙ ይዟል፣ በዲያስቴዝም አልጠፋም፤ ሕዋሳቱ ሙሲን አላቸው” ማለት ነው። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከቲቢም ጋር እንዲሁ።

ሌሎችም ስሞች ልታዩ ትችላላችሁ። “አልሺያን ብሉ” አሲድነት ያለውን ሙሲን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም ነው። ከፓስ ጋር በአንድ መስታወት ላይ አብረው ይነከራሉ፤ አንዱ ሙሲን ሰማያዊ፣ ሌላው ሮዝ፣ የተቀላቀለው ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። “ሙሲካርሚን” የሚባለው ደግሞ ለእኛ ለራያ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ካርሚን የተባለው ቀይ ቀለም የሚወጣው በለስ ላይ ከሚኖረው ኮቺኒል ከሚባል ነፍሳት ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ የገባውና ኋላ ከቁጥጥር ወጥቶ በራያ በኩል የበለሱን ማሳ ያጠፋው ያ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነፍሳት ነው። በጣት ሲጨፈለቅ የሚወጣው ቀይ በላብራቶሪ ውስጥ የካንሰርን ሙሲን ያቀላል። ቀለሙ የሚያርፈው ሰም ውስጥ በደረቀ ሥጋ ላይ ነው፤ ታማሚው አይበላውም አይጠጣውም። ሙሲካርሚን ሌላም ጥቅም አለው። ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ሽፋን ያቀላል። ይህ ፈንገስ በተለይ የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች ሳንባ ላይ እብጠት መስሎ ይታያል። ካንሰር ተብሎ የተፈራው ነገር በመድኃኒት የሚታከም ፈንገስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ናሙና ሳይወሰድ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ቀለሙ መድኃኒት ይመርጣል

“ካንሰር ካንሰር ነው፣ ዓይነቱ ምን ይጨምርልናል?” የሚሉ አሉ። እንደ መድኃኒት ባለሙያ መልሴ ብዙ ይጨምራል ነው። ፔሜትሬክሴድ የተባለው መድኃኒት በ2008 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሰፊ ጥናት ላይ አዴኖካርሲኖማ ያለባቸውን ከሌላው መድኃኒት በተሻለ ጠቅሟል፤ ስኳመስ ያለባቸውን ግን አልጠቀመም። ቤቫሲዙማብ የተባለው ደግሞ ስኳመስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የሳንባ ደም መፍሰስ ስላስከተለ ለእነርሱ አይታዘዝም። እንደ ገፊቲኒብና ኦሲመርቲኒብ ያሉት እንክብሎች የሚሠሩት የተወሰነ የዘረ መል ለውጥ ላለው ካንሰር ነው። ያ ለውጥ በብዛት የሚገኘው በአዴኖካርሲኖማ ላይ ነው፤ እርሱም በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኛ አካባቢ ሳዑዲ ዐረቢያ ያልሄደ ልጅ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ቤተሰብ “አባባ የሳንባ ካንሰር አለበት፣ መድኃኒት ላክልን” ብሎ ይደውላል፤ ልጁም ከወር ደሞዙ ቆርጦ፣ ተበድሮም ቢሆን፣ አንድ ዓይነት እንክብል ገዝቶ ይልካል። ዓይነቱ ካልታወቀ ግን ያ ሁሉ ላብ በባዶ ይፈሳል፤ አንዳንዴም ይጎዳል። ገንዘቡ መጀመሪያ ለናሙናው ምርመራ ይዋል። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቀለሙ የማይናገረው ነገርም አለ። ካንሰሩ ምን ያህል እንደተሠራጨ አይናገርም፤ እርሱ የሲቲ ስካን ሥራ ነው። ሙሲን የሚሠራ ካንሰር ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከጨጓራ ጀርባ ካለው ቆሽት ወይም ከጡት ተነስቶ ሳንባ ላይ ያረፈም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ “ሆዱንም እንይ” ቢል ገንዘብ ሊበላ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩት። ጤናማው የአየር ቧንቧም ራሱ ሙሲን ስለሚያመነጭ ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ነው። ጠንካራ ሆኖ ቅርጹ የጠፋ ካንሰር በሙሲን ብቻ አዴኖካርሲኖማ እንዲባል በሁለት የማይክሮስኮፕ ዕይታዎች፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ሙሲን መታየት ይኖርበታል። “ኔጋቲቭ” ማለትም አዴኖካርሲኖማ የለም ማለት አይደለም። ሙሲን የማይሠራ አዴኖካርሲኖማ ብዙ ነው፤ ናሙናው ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሙሲን ያለበት ቦታ ሳይነካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው ዛሬ በዓለም ላይ በይበልጥ የሚታመነው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ በተባለው፣ ፀረ እንግዳ አካልን እንደ ቀለም በሚጠቀም ምርመራ የሆነው። “ቲቲኤፍ ዋን” ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ አዴኖካርሲኖማ፣ “ፒ ፎርቲ” ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ስኳመስ ያመለክታል። ይህ ምርመራ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። ፓስና አልሺያን ብሉ ግን ጥቂት ኬሚካልና የሠለጠነ እጅ ካለ የሚሠሩ ናቸው። በእኔ እምነት እንደኛ ባለ አገር እነዚህ አሮጌ ቀለሞች ገና ጡረታ አይወጡም። ባለሙያዎች ባወጡት መመሪያም ከትንሽ ናሙና ላይ ብዙ ሥጋ ሳይባክን አንድ ሁለት ፀረ እንግዳ አካልና የሙሲን ቀለም ብቻ እንዲሠራ ይመከራል፤ የቀረው ሥጋ ለዘረ መል ምርመራ እንዲተርፍ።

ናሙናው በመንገድ ላይ

ከጎብዬ ተነስቶ ቆቦ ወይም ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ የተለመደ ነው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ክፉኛ ተጎድተው እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚህ ሁሉ መሐል ናሙናውን ተሸክሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የታማሚው ልጅ ነው። የቀለሙ እውነት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያች ብልቃጥ ነው።

ናሙናው የሚቀመጠው በመቶኛ አሥር ፎርማሊን ውስጥ ነው። በውሃ፣ በጨው ውሃ፣ በስፒሪት ወይም በደረቅ ጨርቅ ከሆነ ሥጋው መበስበስ ወይም መድረቅ ይጀምራል። በተለይ ግላይኮጅን ቶሎ ይጠፋል፤ ያኔ ቀለሙ የሚይዘው አያገኝም። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው አሥር እስከ ሃያ እጥፍ መሆን አለበት። ፍሪጅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ በረዶ ሕዋሱን ይሰነጥቃል። በተቻለ መጠን በሁለት ቀን ውስጥ ላብራቶሪ ቢደርስ መልካም ነው፤ ጓዳ ውስጥ ሳምንት የሰነበተ ናሙና ለዘረ መል ምርመራ ላይሆን ይችላል። ስምና ቀን በብልቃጡ ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ ብቻ ከተጻፈ ክዳን ይቀያየራል። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ፎርማሊን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይያዝ። ውሃ ይመስላል። በአውቶቡስ ውስጥ የተጠማ ልጅ ቢጎነጨው ይገድላል።

“ቢላ የነካው ካንሰር ይሠራጫል” የሚለው ወሬ ስንት ሰው ናሙና እንዳይሰጥ እንዳደረገ አላህ ይወቀው። መርፌ ባለፈበት መንገድ ካንሰር መብቀሉ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰዎች “ናሙና ከተወሰደለት በኋላ ሞተ” የሚሉት ታማሚው ሆስፒታል የደረሰው በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ስለነበረ ነው። ናሙና መውሰድ ግን ከነጭራሹ አደጋ የለውም አልልም። ትንሽ ደም ሊፈስ፣ አየር በሳንባው ዙሪያ ሊገባ ይችላል። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ራሱ አያቋርጥ፣ አይደብቅም። ከመርፌው በኋላ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ይመለስ።

ስኳር እንከልክለው ወይ?

“ካንሰሩ ስኳር አለው ተብሏልና እንጀራም ማርም ከለከልነው” ያሉኝ ቤተሰቦች አሉ። ቀለሙ ያሳየው ስኳር ሕዋሱ ራሱ የሠራው ነው። ታማሚው ትናንት ከበላው ማር ጋር አይገናኝም፤ ምግብ በመከልከልም አይጠፋም። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው በራሱ እየከሳ ነው። ምግብ ሲከለከል ሕክምናውን የሚሸከም አቅም ያጣል። ብዙ በአንዴ መብላት ካቃተው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ የምስር ሾርባ፣ በሶ በማር ጥሩ ናቸው። የስኳር በሽታ አብሮት ካለ ግን ሐኪሙን አማክሩ። ጥቁር አዝሙድ የሚወስድም ሰው ብዙ ነው። በምግብ መጠን መውሰዱን አልቃወምም፤ ይሁንና በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ይንገር። የኬሞቴራፒው ምትክ አድርጎ መውሰድ ግን ጊዜን መግደል ነው።

በመጨረሻ ስለ ሰሙ ጡብ አንድ ነገር። ከአካል የተቆረጠ ሥጋ ይቀበር እንደሁ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይህን ለኢማማችሁ አቅርቡት። ነገር ግን ከመጠየቃችሁ በፊት ጡቡ ለምን ላብራቶሪ እንደሚቆይ እወቁ። ከዚያው ጡብ ከወራት በኋላም ተጨማሪ ሽንሽን ወጥቶ ሌላ ቀለም ሊነከር፣ ለኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ወይም ለዘረ መል ምርመራ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሊላክ ይችላል፤ ታማሚው ዳግመኛ መርፌ ሳይነካው። ለዚህ የሚያስፈልገው በወረቀቱ ራስጌ ላይ ያለው የናሙና ቁጥር ነው። ወረቀቱ በዝናብ ይበሰብሳል፣ በመንገድም ይጠፋል። ቁጥሩን፣ ቀኑንና የላብራቶሪውን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ልጆች ላኩት፤ አንዱ ሳዑዲ ያለው ቢሆንም ይሁን።